ከፍ ያለ የጓሮ አትክልት መደብ አሠራር፦ ከቦታ መረጣ እስከ መጀመሪያው ዘር

ከፍ ያለ መደብ ማለት ዙሪያው በጣውላ፣ በብሎኬት ወይም በድንጋይ ታጥሮ ውስጡ ጥሩ አፈር የተሞላ፣ ከመሬት ከፍ ያለ የመትከያ ቦታ ነው። ጓሯችሁ ውሃ የሚያቁር፣ ድንጋይ የበዛበት ወይም የግንባታ ፍርስራሽ የተደፋበት ከሆነ ከዚህ የተሻለ መላ የለም። ትርፍ ውሃ ቶሎ ይወርዳል። ሥር እንደ ልቡ ይሰዳል። አረምም ያንሳል።

ገና ከመጀመራችን አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ገንዘቡንና ጉልበቱን ሣጥኑ ላይ ይጨርስና አፈሩ ጋ ሲደርስ እጅ ያጥረዋል። ያማረ ጣውላ ውስጥ ያገኘውን አፈር ይደፋል፤ ከዚያ ቲማቲሙ ለምን እንደቀጨጨ ግራ ይገባዋል። ተክሉ የሚኖረው በአፈሩ ነው። ስለዚህ ወጪያችሁን ስታስቡ ከአፈሩ ጀምሩ፣ የተረፈው ለሣጥኑ ይሁን። ሣጥኑ ከድሮ ብሎኬት ቢሠራም ሰላጣው ምንም አይጎድልበትም።

ደግሞ ከፍ ያለ መደብ ለሁሉም ቦታ አይሆንም። ሞቃትና ደረቅ በሆነ፣ አፈሩም አሸዋማ በሆነ ቦታ ውሃው ሳይቆይ ይደርቃል። እንዲህ ባለ ቦታ ከ15 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ፣ አለዚያም ከመሬቱ ትንሽ ዝቅ ተደርጎ ቢቆፈር ይሻላል። ዝቅ ያለው እርጥበት ይይዛል።

1. ቦታ መምረጥ

እንደ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ዝኩኒና ፎሶልያ ያሉ ፍሬ የሚይዙ ተክሎች በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋሉ። ሰላጣ፣ ቆስጣና ሌሎች ቅጠላ ቅጠሎች 4 ሰዓት ያህል ካገኙም ይችሉታል። በግምት አትወስኑ። አንድ ቀን መርጣችሁ ጠዋት፣ እኩለ ቀንና አመሻሽ ላይ ውጡና የግንቡም የዛፉም ጥላ የት ድረስ እንደሚደርስ በትንንሽ ካስማ ምልክት አድርጉ። ሦስቱም ጊዜ ጥላ ያልነካው ቦታ የናንተ ቦታ ነው። ጥላ እንደየወቅቱ እንደሚረዝምና እንደሚያጥርም አትርሱ።

ከትልቅ ዛፍ ራቁ። ጥላው ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፤ ከባዱ ሥሩ ነው። ለስላሳ አፈርና እርጥበት ባለበት ሁሉ የዛፍ ሥር ይሰዳል፣ ከመደባችሁ በታች ገብቶም ለአትክልቱ ያሰባችሁትን ውሃ ይጠጣል። ከጣሪያ የሚወርድ ውሃ የሚያርፍበትን ቦታም ተዉት፣ አፈሩን ጠርጎ ይወስድባችኋል።

ውሃ የምትቀዱበት ቅርብ ይሁን። ባልዲ ተሸክሞ ጓሮውን ማቋረጥ ለአንድ ሳምንት ያስደስታል፣ ከዚያ በኋላ ይታክታል። በየቀኑ የምታልፉበትና ዓይናችሁ የሚያርፍበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ትሉንም ጥማቱንም ሳይብስ ታዩታላችሁ።

2. ልኩን መወሰን

ከልኮቹ ሁሉ ዋናው ስፋቱ ነው። ለዚህ ምክንያት አለው፤ መደቡ ላይ በፍጹም አይረገጥም። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ትንንሽ ክፍተቶች አሉ። አየርና ውሃ የሚያልፉት፣ ቀጫጭን ሥሮችም የሚያድጉት በነዚያ ውስጥ ነው። አንድ ሰው አንዴ ሲቆምበት፣ በተለይ አፈሩ እርጥብ ከሆነ፣ ክፍተቶቹ ይጨፈለቃሉ። እንደገና ለመከፈት ረጅም ጊዜ ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ መሃሉ ላይ ያለችውን ካሮት ከዳር ሆናችሁ መንቀል መቻል አለባችሁ።

ቁጢጥ በሉና እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ። ሳትንጠራሩ የምትደርሱበትን ለኩ። ለአብዛኛው አዋቂ ሰው 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከሁለቱም ጎን የሚደረስበት መደብ ከዚህ እጥፍ፣ ማለትም ከ120 ሴንቲ ሜትር፣ አይበልጥ። ግድግዳ ወይም አጥር ጥግ ከሆነ ከ60 እስከ 75 ይበቃል። ልጆችም የሚሠሩበት ከሆነ 90 አድርጉት።

ርዝመቱ እንደ ቦታችሁ ነው። እኔ 240 ሴንቲ ሜትርን እመርጣለሁ። መደቡ በጣም ሲረዝም ሰው ዞሮ መሄድ ይሰለቸውና ረግጦ ያቋርጠዋል። ሁለት አጫጭር መደቦች ከአንድ ረጅም ይሻላሉ።

ከፍታው ከሥር ባለው መሬት ይወሰናል። ከሥሩ ሊቆፈር የሚችል መሬት ካለ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፣ ሥሩ ቀሪውን መንገድ ራሱ ወደ ታች ይሄዳል። ከሥሩ ሲሚንቶ ወይም ንጣፍ ድንጋይ ከሆነ ለሰላጣ 20፣ ለካሮትና ለቲማቲም 40 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ጎንበስ ማለት ለሚቸግረው ወይም በዊልቸር ለሚንቀሳቀስ ሰው ከ60 እስከ 75 ይደረጋል።

በመደቦች መካከል ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር መተላለፊያ ተዉ። የእጅ ጋሪ የሚገባበት ከሆነ 90 ያስፈልጋል።

በረንዳ ወይም ጣሪያ ላይ ለመሥራት ላሰባችሁ፣ ክብደቱን አስቡ። ከታች የምንሠራው መደብ እርጥብ አፈር ሲሞላ አንድ ቶን ገደማ ይመዝናል። ባለሙያ ሳታማክሩ ይህን ጭነት ከሰው ጭንቅላት በላይ አታስቀምጡ።

3. ማቴሪያል

እዚህ ላይ ዓይን አዋጅ ይሆናል። ምርጫው ብዙ ነው።

ጣውላ ከመረጣችሁ ውፍረቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሆነው ርካሽ ነው፣ ግን እርጥብ አፈር ሲገፋው ጎኑ ያብጣል። ጽድና መሰል እንጨቶች በውስጣቸው ባለው ዘይት የተነሳ መበስበስን ይቋቋማሉ። ለስላሳው እንጨት ቶሎ ይበሰብሳል፤ ቢሆንም ለጥቂት ዓመታት ያገለግላል። ጣውላውን ከመግጠማችሁ በፊት ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት የተልባ ዘይት ብትቀቡት ዕድሜው ይጨምራል።

ብሎኬት ጣጣው ትንሽ ነው። ሁለት ረድፍ ብትደረድሩ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የላይኛው ረድፍ መጋጠሚያ ከታችኛው ጋር እንዳይገጥም አዛንፋችሁ አስቀምጡ፣ ከዚያ በየማዕዘኑ በብሎኬቱ ቀዳዳ ፌሮ ወደ መሬት ምቱ። ሲሚንቶ መለሰን አያስፈልገውም። ድንጋይም እንዲሁ ነው፣ ግን ግድግዳው ወደ ውስጥ ትንሽ ያጋደለ ይሁን። ቆርቆሮም ይሆናል፤ ጠርዙ እጅ ስለሚቆርጥ በእንጨት ሸፍኑት።

የማይሆኑትን ልንገራችሁ፣ ይህ የጤና ጉዳይ ነው። ከባቡር ሐዲድ ሥር የወጣ አሮጌ እንጨት ክሪኦሶት በሚባል ዘይት የተነከረ ነው፣ ለምግብ መደብ አይሆንም። በድሮ ጊዜ በኬሚካል የታከመ እንጨት አርሰኒክ ሊኖርበት ይችላል፤ በአሜሪካ ይህ ዓይነቱ እንጨት ለመኖሪያ ቤት መመረቱ እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ የቆመው በዚሁ ምክንያት ነው። የተላላጠ አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊይዝ ይችላል። የአስቤስቶስ ቆርቆሮን ጨርሶ አትንኩ። የመኪና ጎማም ለምግብ አትክልት አልመክርም።

የዕቃ መጫኛ ፓሌት ነፃ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ይወደዋል። ከመጠቀማችሁ በፊት ማኅተሙን ፈልጉ። የስንዴ ዘለላ ምስል ያለበት ምልክት ላይ «ኤች ቲ» የሚል ፊደል ካለ በሙቀት ብቻ የታከመ ነው። «ኤም ቢ» ካለ ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛም ጋዝ የታከመ ስለሆነ ተዉት። ምልክት የሌለውን ወይም ዘይትና ኬሚካል የፈሰሰበትን ደግሞ ለሌላ ሥራ አውሉት።

ከዚህ በታች የምንሠራው 240 በ120 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍታው 30 የሆነ የጣውላ መደብ ነው። የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

- 240 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 15 ስፋት፣ 4 ውፍረት ያለው ጣውላ፣ 4 ፍሬ
- 112 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ተመሳሳይ ጣውላ፣ 4 ፍሬ
- ለማዕዘን 5 በ5 የሆነ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሞራሌ፣ 4 ፍሬ
- ለመሃል ድጋፍ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሞራሌ፣ ጫፉ የተሾለ፣ 2 ፍሬ
- የማይዝግ 8 ሴንቲ ሜትር የእንጨት ብሎን፣ 40 ፍሬ
- ካርቶን፣ ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ መጋዝ፣ ትራፓኖ፣ መዶሻ፣ ዶማና አካፋ

አጭሩ ጣውላ ለምን 112 ሆነ? በሁለቱ ረጃጅሞች መካከል ስለሚገባ ነው። የሁለቱ ውፍረት 8 ሴንቲ ሜትር ሲደመርበት ልክ 120 ይሞላል።

ምስማር አይሆንም ወይ ለምትሉ፣ ይሆናል፤ ግን አፈሩ በረጠበና በደረቀ ቁጥር እንጨቱ ስለሚነፋና ስለሚኮማተር ምስማር ቀስ በቀስ እየወጣ ይመጣል። ብሎን ይዞ ይቆያል።

4. መሬቱን ማዘጋጀት

በአራቱም ማዕዘን ካስማ ትከሉና ገመድ ወጥሩ። ከገመዱ ውስጥ ያለውን ሣር በአካፋ ላጡ። ከዚያ መሬቱን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ድረስ በዶማ አላሉት፤ መገልበጥ አያስፈልግም፣ መፍታት ብቻ ነው። ይህን ሥራ ዘልሎ በጠንካራው መሬት ላይ አፈር መድፋት ያጓጓል። ከተዘለለ ግን ሥሩ ጠንካራው ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ውሃውም እዚያው ይተኛል።

ሰርዶ ካለ ታገሱና ሥሩን በእጃችሁ ልቀሙ። የሰርዶ ሥር ከቁራጩም ይበቅላል፣ ካርቶንም ሰንጥቆ ይወጣል። ለሌላው አረም ካርቶን ይበቃዋል። ፕላስተሩንና የብረት ስፒሉን ንቀሉ፣ የሚያብረቀርቅ ቀለም ያለበትን ተዉ። ካርቶኖቹ ቢያንስ በ15 ሴንቲ ሜትር እየተደራረቡ ይነጠፉ፣ ከዚያ እስኪረሰርሱ ድረስ ውሃ አጠጧቸው። አረሙ ብርሃን አጥቶ ይሞታል። ካርቶኑ ራሱ በወራት ውስጥ ይበሰብሳል፣ የምድር ትልም ይወደዋል። የምታነጥፉት ግን ሣጥኑ ከቆመ በኋላ ነው።

ፍልፈል ወይም አይጥ የሚያስቸግር ከሆነ ከካርቶኑ በፊት ዓይኑ ጠባብ የሆነ የሽቦ መረብ ከሥር አንጥፉና ጠርዙን ከጣውላው ጋር አያይዙ።

ከሥር ፕላስቲክ አታንጥፉ። ጠጠርም አታድርጉ። ጠጠር ውሃ ያወርዳል የሚለው ወሬ በብዙ ሰው አፍ አለና ቆም ብዬ ላስረዳ። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወጥቶ ወደ ጠጠር የሚገባው ከላይ ያለው አፈር እስኪጠግብ ድረስ ጠብቆ ነው። ደቃቁ አፈር ውሃውን አጥብቆ ይይዘዋል፤ የጠጠሩ ሰፊ ክፍተት አይስበውም። ውጤቱ ሥሩ ባለበት ቦታ የውሃ መጠራቀም ነው። አፈሩ ከታች ካለው መሬት ጋር በቀጥታ ሲገናኝ ውሃው ሳይቋረጥ ይወርዳል።

5. ሣጥኑን መግጠም

ሁለት ሰው ቢሆን ይቀላል።

ሀ. አንድ ረጅም ጣውላ ደልዳላ ቦታ ላይ አጋድሙ። በሁለቱም ጫፍ፣ ከጫፉ 4 ሴንቲ ሜትር ገባ አድርጋችሁ፣ የማዕዘን ሞራሌ አስቀምጡ። ያ 4 ሴንቲ ሜትር የአጭሩ ጣውላ መግቢያ ነው። ሁለተኛውን ረጅም ጣውላ ከጎኑ አስጠግታችሁ ሞራሌው ሁለቱንም ይያዝ።

ለ. ብሎኑን ከመምታታችሁ በፊት ከብሎኑ ቀጠን ባለ መብሻ ብሱ። ያለዚያ የጣውላው ጫፍ ይሰነጠቃል። በየጣውላው ጫፍ ሁለት ሁለት ብሎን ይገባል።

ሐ. ሌላውንም ረጅም ጎን እንዲሁ ሠርታችሁ ሁለቱን አቁሙና አጫጭሮቹን በመካከላቸው አስገብታችሁ ከሞራሌው ጋር እሰሩ።

መ. አሁን ልኩ ትክክል መሆኑን እዩ። ከአንድ ማዕዘን ወደ ፊት ለፊቱ ማዕዘን በሰያፍ ለኩ፣ ከዚያ ሌላውን ሰያፍ ለኩ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ማዕዘኖቹ ቀጥ ብለዋል። አንዱ 3 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም በረዘመው ሰያፍ ጫፍ ያለውን ማዕዘን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉት፤ ሌላው በዚያው ልክ ይረዝማል። እኩል እስኪሆኑ ቀጥሉ። ለዚህ መደብ ሁለቱም 268 ሴንቲ ሜትር ገደማ መምጣት አለባቸው።

ሠ. ሣጥኑን ወደ ቦታው ወስዳችሁ ውሃ ልክ በአራቱም ጎን አስቀምጡ። አንዱ ጎን ከፍ ካለ ዝቅ ባለው ጎን አፈር እየሞላችሁ አታንሱት፤ ከፍ ባለው በኩል ያለውን መሬት ቆፍራችሁ ሣጥኑን አስገቡት። የተሞላ አፈር በዝናብ ይሸሻል፣ የተቆፈረ ግን ይጸናል። ውሃ ልኩ የተዛባ መደብ ላይ ውሃ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጥግ ይሄዳል፣ ሌላው ጥግ ይጠማል።

ረ. በረጃጅሞቹ ጎኖች መሃል፣ ከውስጥ በኩል፣ የሾሉትን ሞራሌዎች ግማሹ መሬት እስኪገባ በመዶሻ ምቱና ከጣውላው ጋር እሰሩ። የአፈሩን ግፊት የሚሸከሙት እነሱ ናቸው።

ጣውላው እንዲቆይ ከፈለጋችሁ የውስጡን ጎን በወፍራም ፕላስቲክ መሸፈን ትችላላችሁ። ጎኑን ብቻ ነው፤ ወለሉ ክፍት ይሁን።

6. አፈሩ

ሥራው ያለው እዚህ ነው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

ስሌቱ ቀላል ነው። የውስጡ ልክ 232 በ112 በ30 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ወደ 780 ሊትር ይመጣል። በ20 ሊትር ባልዲ 39 ባልዲ ማለት ነው። አዲስ አፈር ውሃ ሲጠጣ ስለሚሰጥም 45 ባልዲ አዘጋጁ።

ድብልቁን በባልዲ ልንገራችሁ፦ 27 ባልዲ ጥሩ የላይኛ አፈር፣ 13 ወይም 14 ባልዲ የበሰለ ኮምፖስት (ከቅጠላ ቅጠልና ከመሰል ተረፈ ነገር በስብሶ የሚገኝ ማዳበሪያ)፣ 4 ወይም 5 ባልዲ አፈሩን የሚያላላ ነገር፣ ለምሳሌ የበሰበሰ ቅጠል። አፈራችሁ አስቀድሞ ልል ከሆነ ሦስተኛውን ተዉትና በአፈር ተኩት።

ኮምፖስት ጥሩ ከሆነ ሙሉውን ለምን አንሞላም የሚል ይኖራል። አይሆንም። ኮምፖስት መበስበሱን ስለሚቀጥል መደቡ በየዓመቱ ይጎድላል። ሲደርቅ ውሃ መቀበል ያስቸግረዋል። ፎስፈረስና ጨውም ከመጠን በላይ ሊከማች ይችላል። ማዕድኑን የሚሰጠው፣ ተክሉንም ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው አፈር ነው።

አፈሩን እንዴት ታውቁታላችሁ? ጭብጥ አፈር ውሰዱና እንደ ሊጥ እስኪሆን ውሃ ጠብ አድርጉበት። ጨብጡት። እጃችሁን ስትከፍቱ ወዲያው ከተበተነ አሸዋማ ነው። ድቡልቡል ሆኖ ቆይቶ በጣት ስትነኩት ከፈረሰ ግሩም ነው፣ የምትፈልጉት እሱን ነው። አሁን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየገፋችሁ እንደ ጥብጣብ አውጡት። ጥብጣቡ 5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሳይበጠስ ከወጣ የሸክላ አፈር በዝቶበታል።

የበለጠ ማየት ከፈለጋችሁ የብርጭቆ ማሰሮ ሲሶውን አፈር ሙሉ፣ ውሃ ጨምሩ፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ አድርጉና በደንብ ናጡት። ከዚያ አስቀምጡት። አሸዋው በደቂቃዎች ውስጥ ከታች ይተኛል። ደለሉ ሰዓታት ይፈጅበታል። ሸክላው ለመርጋት አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ንብርብሩ በዓይን ይታያል፣ በማስመሪያም ይለካል።

የሸክላ አፈር ላይ አሸዋ ጨምሮ ማላላት የሚለውን ምክር አትስሙ። ጥቂት አሸዋ ሸክላን አያላላውም፣ ይልቁንም ደርቆ ድንጋይ ያደርገዋል። ሸክላን የሚፈታው ኮምፖስትና ጊዜ ነው።

የበሰለ ኮምፖስት የዝናብ መሬት ይሸታል። ውስጡ ምን እንደነበረ አይለይም፣ እጅ ሲገባበትም አይሞቅም። የሚጠራጠር ሰው ጥቂቱን አርጥቦ በላስቲክ አስሮ ለአንድ ሳምንት ያስቀምጠው። ሲከፈት ኮምጣጣ ወይም የአሞኒያ ሽታ ካለው ገና ነው።

ፍግ ከተጠቀማችሁ የበሰበሰ ይሁን። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ በሽታ አምጪ ጀርምም ይይዛል። የአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ ትኩስ ፍግ ከገባ በኋላ እንደ ካሮትና ሰላጣ ያሉ አፈር የሚነኩ አትክልቶች እስኪለቀሙ ቢያንስ 120 ቀን፣ አፈር የማይነኩት እስኪለቀሙ ደግሞ 90 ቀን እንዲቆይ ያዛል። ለቤት ጓሮም ጥሩ መለኪያ ነው።

ፍጉም ሆነ ኮምፖስቱ ከየት እንደመጣ ካላወቃችሁ ሌላ ፈተና አለ። አንዳንድ የግጦሽ አረም መድኃኒቶች በከብት ሆድ አልፈው ፍጉ ውስጥ ይቆያሉ፣ ከዚያ ቲማቲምና ባቄላን ይጎዳሉ። በትንሽ ጣሳ ኮምፖስቱን ከአፈር ጋር ቀላቅላችሁ ጥቂት የባቄላ ዘር ዝሩ። ከጎኑ ኮምፖስት የሌለበት ሌላ ጣሳ አድርጉ። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ጠብቁ። የመጀመሪያው ጣሳ ላይ አዲሶቹ ቅጠሎች ከተጠቀለሉና ከተጣመሙ ያንን ኮምፖስት መደባችሁ አታስገቡ።

ጓሯችሁ አሮጌ ቀለም የተላላጠበት ግድግዳ አጠገብ ወይም የድሮ ጋራዥ የነበረበት ቦታ ከሆነ፣ ከዚያው ቆፍራችሁ መደቡን አትሙሉ። በላቦራቶሪ አስመርምሩት ወይም ከሌላ ቦታ ንጹሕ አፈር አምጡ።

7. መሙላት

ሦስቱን ነገሮች መጀመሪያ ውጪ ላይ ቀላቅሏቸው። ለየብቻ ንብርብር አድርጎ መሙላት ቀላል ይመስላል፣ ግን ውሃ በንብርብሩ ድንበር ላይ ይቆማል። ድብልቁን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሙሉ፣ ውሃ አርከፍክፉ፣ ደግሞ ሙሉ። በእግር አትርገጡት፣ በአካፋም አትደብድቡት። ውሃው ራሱ ያስተኛዋል። ከጣውላው ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር አጉድላችሁ አቁሙ፤ ጉዝጓዙ፣ ማለትም አፈሩን ከላይ የሚሸፍነው ጭድ ወይም ደረቅ ቅጠል፣ እዚያ ይገባል። የተረፈውን አፈር አትጣሉት፣ ከሳምንት በኋላ ሲሰጥም ትሞሉበታላችሁ።

ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ለሆነ መደብ የታችኛውን ሲሶ በአሮጌ፣ በከፊል በበሰበሰ ግንድና ቅርንጫፍ መሙላት ይቻላል። አፈር ይቆጥባል። ትኩስ እንጨትና ሰጋቱራ ግን ሥር አጠገብ አይሁን፣ ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ከተክሉ ይቀማል፣ ቅጠሉም ቢጫ ይሆናል።

8. መዝራትና መትከል

ረጃጅሞቹን ጥላቸው በሌላው ላይ በማይወድቅበት ጎን ትከሉ። ርቀቱ ይህን ይመስላል፦ ካሮት 5 ሴንቲ ሜትር፣ ቀይ ሥርና ሽንኩርት 10፣ ሰላጣ ከ20 እስከ 25፣ ቆስጣ 30፣ ጥቅል ጎመንና ቃሪያ 45፣ ቲማቲም ከ45 እስከ 60። መጀመሪያ ላይ መደቡ ባዶ ይመስላችኋል። አታጨናንቁት፤ አየር የማያልፍበት ቅጠል ሻጋታ ይይዘዋል።

ካሮት ችግኝ አይወድም፣ በቀጥታ ይዘራል። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃዋል። ለመብቀል ከ10 እስከ 21 ቀን ይወስዳል። በእነዚህ ቀናት የላይኛው አፈር አንድ ቀን እንኳ ከደረቀ ሊቀር ይችላል። እርጥብ ጨርቅ ወይም ጣውላ ሸፍኑበት፣ ከሳምንት በኋላ በየቀኑ ገልጣችሁ እዩ፣ ቡቃያው ብቅ ሲል አንሱት። ከዚያ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ አንድ አንድ እስኪቀር አሳሱት። ማሳሳቱ ያሳሳል፣ ካልተሳሳ ግን ሁሉም ክር ሆኖ ይቀራል።

ችግኝ የምትተክሉት አመሻሽ ላይ ወይም ደመና ባለበት ቀን ይሁን። ቲማቲምን የታችኛዎቹን ቅጠሎች ቆርጣችሁ ግንዱን ዝቅ አድርጋችሁ ቅበሩት፤ ከተቀበረው ግንድ አዲስ ሥር ያወጣል። ሰላጣንና ቃሪያን ግን ጣሳው ውስጥ በነበሩበት ጥልቀት ትከሉ።

9. ውሃና ጉዝጓዝ

ከፍ ያለ መደብ ከመሬት ቶሎ ይደርቃል። ለካሬ ሜትር በሳምንት 25 ሊትር ያህል መነሻ ይሁናችሁ፤ ለዚህ መደብ 65 ሊትር ማለት ነው። በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ ከፍላችሁ ስጡት። ሙቀትና ነፋስ ሲኖር ይጨመራል፣ ዝናብ ሲዘንብ ይቀነሳል። ዋናው መለኪያ ጣታችሁ ነው። እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ድረስ አስገቡት። ከታች እርጥብ ከሆነ ዛሬ ተዉት። ላዩ መድረቁ አያሳስባችሁ።

በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመርጨት አልፎ አልፎ አጥግቦ ማጠጣት ይሻላል። ሥሩ ውሃውን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። ጠዋት፣ ከግንዱ ሥር፣ ቅጠሉን ሳታረጥቡ አጠጡ። ዘር ላይ ብቻ ነው በየቀኑ ቀስ ብሎ የሚረጨው።

ችግኙ ከያዘ በኋላ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ጭድ ወይም ደረቅ ቅጠል ጎዝጉዙ። ትነቱን ይቀንሳል፣ አረም ያፍናል። ከግንዱ ጥቂት ራቅ ይበል፣ ግንዱን ከነካው ያበሰብሰዋል። ቀንድ አውጣ የሚበዛበት ቦታ ከሆነ ጉዝጓዙን አሳሱት።

10. ከመጀመሪያው ምርት በኋላ

ያለቀውን ተክል አትንቀሉት፣ ከመሬት እኩል ቁረጡት። ሥሩ እዚያው በስብሶ የአየር መንገድ ይተዋል። በሽታ የያዘውን ግን ከነሥሩ አውጥታችሁ አርቁት።

በየዓመቱ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ኮምፖስት ከላይ ጨምሩ። መገልበጥ አያስፈልግም፣ የምድር ትሎች ያወርዱታል።

ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ደበርጃንና ድንች አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ በሽታቸውም ይወራረሳል። ከነዚህ አንዱን በተከላችሁበት ሌላውን ለሦስት ዓመት ያህል አትመልሱ። አንድ መደብ ብቻ ላለው ሰው ይህ ይከብዳል፤ መደቡን ለሁለት ወይም ለሦስት ከፍሎ ማፈራረቅ ይችላል። ባዶ በሚሆንበት ወቅት ባቄላ ወይም አተር ዘርታችሁ አበባ ሲያወጣ ቁረጡትና እዚያው ጎዝጉዙት።

ጣውላው መበስበስ የሚጀምረው ከታች፣ መሬት ከሚነካበት ጠርዝ ነው። በዓመት አንዴ በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ወጋ እያደረጋችሁ ፈትሹት። ከገባላችሁ ያንን ጣውላ ብቻ ቀይሩ። ከጎኑ ያለውን አፈር ወደ መሃል ሰብስቡ፣ ብሎኑን ፍቱ፣ አዲሱን በዚያው ሞራሌ ላይ እሰሩ። አፈሩ እዚያው ይቆያል።